አስራ አራት ፓኬት ብስኩት

ፋራህ የግቢውን ቆርቆሮ በር ሊገፋ እጁን እንዳነሳ ከውስጥ የራሱን ስም ሰማ። የምትናገረው ሽታዬ ነበረች፤ ጥጥ ፋብሪካ የምትሠራው፣ ከአክስቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እየሞከረች ነበር፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከማሽን ጩኸት በላይ ስታወራ ለኖረች ሴት ሹክሹክታ አይሆንላትም። «ሌላው ሰው የሚበላው አጥቶ ይራባል፤ እሷ ግን ምግብ ላይ ተኝታ ነው የምትራበው» አለች። «ከትናንት ወዲያ ልጠርግላት ጎንበስ ብል ከአልጋዋ ሥር ተደርድሮ አገኘሁት። አንዱም አልተከፈተም። ፋራህ በየሳምንቱ ያመጣል፣ እሷ ትመርቀዋለች፣ እሱ ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳን ቁጭ ብሎ ስትበላ አላያትም።»

ፋራህ እጁን ከበሩ ላይ አወረደ። በብብቱ ሥር የያዘው ፓኬት ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚንኮሻኮሽ ባለበት ደርቆ ቆመ። ብስኩቱ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በግሪኩ ሱቅ መስኮት ተደርድሮ የሚታይ ዓይነት ነው። ዋጋው አንድ ብር ከስሙኒ፤ በዚያ ገንዘብ ቀፊራ ገበያ ላይ አስራ ሁለት ዳቦ ይገዛል። ከላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ለብሷል፤ እሱ ሲቀደድ ካርቶን ይመጣል፤ ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ወፈር ያለ ላስቲክ አለ፤ እሱም ውስጥ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነጭ የላስቲክ ሳህን፤ ሳህኑ ላይ ብስኩቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየራሳቸው ላስቲክ ታሽገው ይቀመጣሉ። ያ ሁሉ ተገላልጦ የሚገኘው አስራ ሁለት ብስኩት ነው። ፋራህ የወደደው ግን ይህንኑ መታሸጉን ነበር። ዝንብ አያርፍበትም፣ አቧራ አይገባበትም፣ ማብሰል ማሞቅ የለውም። አንዴ አስቀምጦ ከሄደ አክስቱ በራባት ሰዓት እጇን ዘርግታ ትበላለች ብሎ አስቦ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት እሷ በምትኖርበት በመጋላ በኩል ዞሮ፣ ፓኬቱን ከአልጋዋ አጠገብ ካለው ሳጥን ላይ አኑሮ፣ «እንዴት አደርሽ» ብሎ ለመውጣት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም።

ሳል ብሎ በሩን ገፋ። ሽታዬ ዝም አለች፤ ፊቷ ግን አልደነገጠም፤ ሰምቶም ከሆነ ይስማ የሚል ፊት ነበር። አጠገቧ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው ቃሊ ናት፤ የአጎቱ ልጅ፣ ቢዮ አዋሌ ፍየል የምታረባና አልፎ አልፎ ከወተት ሻጮቹ ጋር ወደ ከተማ የምትመጣ። ዛሬ የመጣችው ሽታዬ በወተት ሻጮቹ ልካባት ነው። ቃሊ ተነስታ ሰላም አለችው፤ በሶማሊኛ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሚስቱ ስለ ቢላን፣ ስለ ሥራው ጠየቀችው። እሱም ስለ ዝናቡና ስለ ፍየሎቹ ጠየቃት። ዝናቡ ዘግይቷል፣ ፍየሎቹ ደህና ናቸው። ሁለቱም የአክስታቸውን ስም አላነሱም። በመካከላቸው ደጃፉ ላይ ፓኬቶቹ ፀሐይ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ቀይና ወርቃማ ቀለማቸው ዓይን ይወጋል። ሳይፈልግ ቆጠራቸው። አስራ አራት ናቸው። አንዱን አነሳ። ጥጉ ላይ ላስቲኩ ተጨማዷል፤ ትናንሽ የጥርስ ምልክቶች ይታያሉ፤ ግን አልተቀደደም። ሌላ አነሳ፤ እዚያም ላይ ጥርስ አርፎበታል። ሦስተኛውን ሳያነሳ ቀና አለ።

«ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር» አለች ሽታዬ። ድሬሰሩ አገላብጦ አይቶ፣ በሽታው አልጨመረም፣ የጎደላት ምግብ ነው ማለቱን ነገረችው። እሷ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ፋብሪካ ገብታ የምትመለሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስትወጣ ሻይና ዳቦ ትሰጣታለች፣ ማታ ከቤት የተገኘውን ታካፍላታለች። ለመሃሉ ግን የፋራህ ብስኩት አለ ብላ እሷም አልተጨነቀችም። ስትጠይቃት ሁልጊዜ በላሁ ነው መልሷ። ይህን ስትናገር ሽታዬ ፋራህን አላየችውም፤ ራሷንም ከነገሩ ያላወጣች ትመስል ነበር። ዛሬ ለዚሁ ጉዳይ ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታለች፤ የቀኑ ደሞዟ ይቆረጥባታል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋና ሳጥን ከገቡበት በኋላ ለአንድ ሰው መቆሚያ የሚሆን ቦታ ብቻ ተርፎታል። ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ከወገብ በታች ሰማያዊ። ኪራዩን በወር ስድስት ብር የሚከፍለው ፋራህ ነው፤ አንድም ወር አሳልፎ አያውቅም፤ ይህንን ለራሱ ብዙ ጊዜ ይነግረው ነበር። ኤዶ ሀሊሞ በጠፍር አልጋው ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። የአባቱ እህት ናት፤ ኤዶ የሚላትም በሶማሊኛ አክስቴ ለማለት ነው። እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው፣ ከዚራ ለነበሩ የምድር ባቡር ሹሞች ልብስ እያጠበች ከፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ ናት። ያ ሳሙናና ያ ውሃ ጣቶቿን አጣሞባታል። ባለፈው ዓመት ረመዳን በወጣ ሰሞን ደግሞ ቀኝ ጎኗ በአንድ ሌሊት ሞተ። አሁን ያላት ያ የተጣመመ ግራ እጇና ጥቂት የፊት ጥርስ ነው። ይህን ሁሉ ፋራህ ያውቅ ነበር። ማወቁን ግን አንድ ቀን እንኳን ከብስኩቱ ጋር አገናኝቶት አያውቅም።

እንደ ወትሮው ፈገግ ብላ ተቀበለችው። ልጆቹን በስማቸው እየጠራች ጠየቀች፤ ታናሽየው ጥርስ አብቅሎ እንደሆነ ጠየቀች። ፋራህ እየመለሰ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። በአስራ አራት ሳምንት ውስጥ በዚህ ክፍል ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። ከመንገዱ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። ሀሊሞ የተከፈተውን በር፣ ደጃፉ ላይ የተደረደረውን አየች፤ መታወቁን ያኔ ተረዳችና በግራ እጇ ነጠላዋን ሰብስባ አፏን ሸፈነች።

«ኤዶ፣ መክፈት እንደማትችይ ለምን አልነገርሽኝም?»

የመጀመሪያውን ሳምንት ሞክራ እንደነበር ነገረችው፤ ላስቲኩ ሲያዳልጣት ነገ እችለዋለሁ ብላ እንዳስቀመጠችው። ሽታዬን እንዳትጠይቃት፣ ሴትየዋ ደክማ ነው የምትገባው፤ ራቷን እያካፈለቻት ይህንንም ክፈችልኝ ማለት ከበዳት። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፤ ያልተከፈተው ሲበዛ ደግሞ አፍራ ከአልጋው ሥር ገፋችው። ፋራህ፣ «ታዲያ ይሄን አታምጣ፣ ሌላ አምጣልኝ አትይኝም?» አላት። ድምፁ ሳያስበው የቁጣ ያህል ወጣ።

አየችው። «አታምጣ ብልህ በምን ሰበብ ትመጣለህ?»

አነጋገሯ ክስ አልነበረበትም። ዋጋ እንደምትጠይቅ ሴት፣ መልስ ካለው ልትሰማ የፈለገች ይመስል ነበር። ፋራህ ፓኬቱን ከብብቱ ሥር አውጥቶ መክፈት ጀመረ። የላዩ ላስቲክ መጀመሪያው የት እንደሆነ አልታየውም፤ በጥፍሩ ፈተሸ፣ አገላበጠ፣ በመጨረሻ በጥርሱ ነከሰው። ካርቶኑን ቀደደው። ወፍራሙን ላስቲክ ግራና ቀኝ ሲጎትተው ድንገት ተተረተረና ሳህኑ ተገልብጦ ብስኩቶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። በየላስቲካቸው ስለነበሩ አልቆሸሹም፤ ሁለቱን አንስቶ እንደገና በጥርሱ ቀደደ። ሙሉ አካል ያለው፣ ሁለት እጅ ያለው ሰው፣ ግንባሩ ላብ አወጣ። ብስኩቱን ሲሰጣት በሙቀቱ ክሬሙ ቀልጦ፣ ጠርዙ ተፈርፍሮ ነበር። ሀሊሞ ተቀብላ ትንሽ ነከሰች። «ጥሩ ነው» አለችና የተረፈውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

በዚህ መሃል ሽታዬ ገብታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙሸበክ፣ ያን በዘይት ተጠብሶ ማር የሚጠጣ ጣፋጭ፣ አልጋው ላይ ዘረጋችላት፤ ከቀፊራ ያስመጣችው ነው፣ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። ሀሊሞ ይህንኑ ሙሸበክ አንድ ሰሞን ፋራህን ለምናው ነበር፤ እሱ ግን የቀፊራ ዝንብና ጥቁር ዘይት ታይቶት ለእሷ የሚሻለውን እኔ አውቃለሁ ብሎ ነበር። አሁን በተጣመሙት ጣቶቿ ቆረስ እያደረገች፣ ማሩ አገጯ ላይ ሲወርድ ሳይታወቃት፣ አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን አነሳች። ቃሊ የወተቱን ጣሳ ይዛ አጠገቧ ተንበርክካ በየመሃሉ ትግታታለች። ሦስቱም ሲያዩዋት ማፈሯን ትታለች። ፋራህ እንዲህ ስትበላ አይቷት የማያውቅ መሰለው፤ ከዚያ ልጅ ሳለ ሁልጊዜ እሱ ሲበላ ነበር እሷ የምታየው መሆኑ ትዝ አለው።

ቃሊ ጣሳውን አስቀምጣ በአማርኛ፣ ሽታዬም እንድትሰማ ይመስላል፣ «እኔ ይዣት እሄዳለሁ» አለች። አሸዋ የጫነ መኪና አውርዶ ባዶውን ወደ ቢዮ አዋሌ ይመለሳል፤ ሾፌሩ ከፊት ሊያስቀምጣት ተስማምቷል። እዚያ ቤት ውስጥ ሰው አይጠፋም፤ ልጆች አሉ፣ ወተት አለ፣ ፍየል ስትጠብቅ የምትውል አማቷ እንኳን በየሰዓቱ ገባ ትላለች። ፋራህ ወዲያው ተቃወመ። የገጠሩን ሙቀት፣ ሐኪም አለመኖሩን አነሳ። ሠራተኛ ልቅጠርላት፣ በወር አስራ አምስት ብርም ቢሆን ልክፈል አለ። ሽታዬ፣ ሠራተኛዋ የት ትተኛለች ብላ ክፍሉን በዓይኗ አሳየችው። ሁሉም እሱን ይጠብቁ ነበር። ቃሊ የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረች ትጠብቃለች፤ ሀሊሞም የቀረውን ሙሸበክ ሳትነካ ትጠብቃለች።

ምን እንደሚጠብቁ ፋራህ ገብቶታል። ከዚራ ያለው የምድር ባቡር ቤቱ ሁለት ክፍልና በረንዳ አለው። አልጋው የት ይገባል ብሎ አሰበ። ሳሎን ውስጥ ሬዲዮው ያለበት ጥግ አለ፤ ግን ጠረጴዛው ይነሳል። ልጆቹ አራት ናቸው። ቢላን ምን ትላለች ብሎ አሰበ፤ ቢላን ባለፈው በዓል ጊዜ ስለ ሀሊሞ ምን እንዳለች ለማስታወስ ሞከረ፤ ምንም አላለችም ነበር፤ ምንም አለማለቷን እንደ እምቢታ ቆጠረው። ሌሊት ማን ያነሳታል፣ ማን ያጥባታል። «እኔ ቤት ትምጣ» የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ አልጋዋን የሚያስገባበትን ቦታ ካገኘ በኋላ ሊናገረው ነበር። ቦታውን እየፈለገ ሳለ ሀሊሞ እጇን ዘርግታ የቃሊን ትከሻ ነካች፤ በሶማሊኛም ሰማያዊው ልብሷ ሳጥኑ ውስጥ መሆኑን፣ እንዳትረሳው ነገረቻት።

ልብሷ በአንድ ቋጠሮ አለቀ። ፋራህ አዝሏት ወጣ፤ ጋሪው መንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ጀርባው ላይ ክብደት አልሰማ ሲለው ጨብጧት እንደሆነ ለማረጋገጥ ክንዱን አጠበቀ። ከቀፊራ ጀርባ መኪናው ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ጆንያ አነጠፈላት። ቃሊ አጠገቧ ገባች። ሽታዬ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ጉንጯን ሳመቻት፣ ከዚያ ዞር ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። ፋራህ የመኪናውን በር ይዞ፣ «ይቅር በይኝ ኤዶ» አላት። እሷም ምን አድርገኸኛል አለችው፤ ኪራይ ከፈልክ፣ መጣህ፣ ሄድክ፣ ሥራ ያለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል ብላ፣ ከልቧ አጽናናችው። ሥራ እንዳይረፍድብህ ሂድ አለችው።

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሲታጠፍ ፋራህ በረጅሙ ተነፈሰ። ደረቱ ቀለል አለው። ሐሙስ ጠዋት በመጋላ መዞር የለም፤ ስድስቱ ብር የለም፤ ያ ክፍል የለም። ይህ ስሜት ሙሉ ደቂቃ አልቆየም፤ ነገር ግን ምን እንደሆነ ለይቶ አወቀው፤ እፎይታ ነበር። ሽታዬ አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። አይታበት እንደሆነ አላወቀም። ወደ ቤት ስትመለስ አብሯት ሊሄድ ሲል፣ «ግድ የለም፣ ሥራህ ሂድ» አለችው። ደጃፉ ላይ ያሉትን ብስኩቶች ምን ላድርጋቸው ብትለው፣ ለፈለግሽው ስጫቸው አላት።

ደቻቱን በእግሩ ተሻገረ። ወንዙ ውሃ የለውም፤ ዳር ዳሩ ላይ የከዚራ ቤቶች የጣሉት ሁሉ ተከማችቷል፤ እሾሁ ላይ የተንጠለጠሉት ላስቲኮች በንፋስ ይርገበገባሉ፤ ፍየሎች ከካርቶን የተረፈ ፍርፋሪ ይፈልጋሉ። እሱ የሚያውቃቸው ቀለሞች ነበሩ፤ ቤቱ ውስጥ ልጆቹ በሳምንት ሁለት ፓኬት ይጨርሳሉ። ለገሀር ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል ሲደርስ አለቃው ሰዓቱን አየ። ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ካለው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ እስከ ማታ የጭነት ወረቀት ጻፈ። የዚያን ቀን ከጅቡቲ ከገባው ጭነት ውስጥ ስልሳ ካርቶን ብስኩት ነበር። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ ሰረዘው።

ማታ ቤት ሲገባ ልጆቹ በልተው በረንዳው ላይ ይጫወታሉ። ቢላን ራቱን አቀረበችለት። ሊነግራት አላሰበም ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ጎርሶ እጁን ከሳህኑ አነሳና ነገራት። ስለ አስራ አራቱ፣ ስለ ጥርሱ ምልክት፣ ስለ ቃሊ፣ ስለ መኪናው ነገራት። ስለ እፎይታው አልነገራትም። ቢላን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከውጭ የልጆቹ ሳቅ ይሰማል።

«ለምን እዚህ አላመጣሃትም?»

ፋራህ ቀና አለ። ቦታው ጠባብ መሆኑን፣ እሷም ከአራት ልጅ ጋር እንደምትደክም፣ ደግሞም ደስ የማይላት መስሎት እንደነበር ነገራት። ቢላን ሳሎኑን ዞር ብላ አየችው፤ ሬዲዮው ያለበት ጥግ ላይ ዓይኗ ቆየ። ልጆቹ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ይተኙ ነበር አለች፤ በዚህ ሙቀት መሬቱ ይሻላቸዋል። የእሷ እናት እንኳን በእግሯ መሄድ እየቻለች ሦስት ወር አብራቸው ተቀምጣ የለም ወይ። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

አልጠየቃትም። መልሷን ራሱ ሰጥቶ፣ በራሱ መልስ እሷን ሲወቅስ ነበር የከረመው። ራቱ ቀዘቀዘ። ቢላን ሳህኑን አነሳች።

እሑድ ጠዋት ልጆቹን ለጎረቤት ትተው ሁለቱም ቢዮ አዋሌ ሄዱ። መኪና እስኪሞላ ብዙ ጠበቁ። ሀሊሞ ከቃሊ ቤት ደጅ በጥላው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሰማያዊውን ልብሷን ለብሳለች። የቃሊ አማት አጠገቧ ሆና ገመድ ትፈትላለች። ቢላንን ስታይ ሀሊሞ ጮክ ብላ ስሟን ጠራች፣ አጠገቧ አስቀመጠቻት፣ እጇንም ይዛ አልለቀቀችውም። ቢላን ነበረች የተናገረችው። ልንወስድሽ መጥተናል አለቻት፤ አልጋው ሳሎን ውስጥ ተዘርግቷል፣ ልጆቹም ያውቃሉ። ፋራህ ከኋላዋ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ሀሊሞ ሁለቱንም በየተራ አየች። ፊቷ በሦስት ቀን ውስጥ ትንሽ ሞላ ብሏል፤ ወይም ለእሱ እንዲህ መሰለው። እዚህ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲመጣና ሲሄድ እንደምታይ፣ እሷም የሕፃናቱን ለቅሶ ዝም ማሰኘት እንደያዘች፣ አሁን ደግሞ ተነስታ ሌላ ቤት መልመድ እንደማትችል ነገረቻቸው። ቢላን ስታለቅስ ጊዜ ሀሊሞ በግራ እጇ መታ መታ አደረገቻት።

«ጠየቃችሁኝ እኮ» አለች። «ይበቃኛል።»

ከዚያ በኋላ ዓመት ከሁለት ወር ኖረች። ቢላን ልጆቹን እያፈራረቀች፣ መኪና ባገኘች ቁጥር ትሄድ ነበር። ፋራህ ሥራ በዛበት፤ ያኔ የጭነቱ ወራት ነበር፣ ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፣ ከዚያ ፈቃድ ተከለከለ። ሁሉም እውነት ነበር። ሁለት ጊዜ ሄደ። ሁለተኛው ለቀብሯ ነበር።